ሬሳውን ከመቃብር ያወጣው ስም

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ወይም ለንደን ውስጥ መድኃኒት ቤት ገብታችሁ «ሙሚያ አለ?» ብትሉ ባለቤቱ ግር አይለውም ነበር። ከመደርደሪያው ማሰሮ ያወርዳል፤ ጠቆር ያለውን ስብርባሪ በሚዛን ይመዝናል፤ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣችኋል። ከፈረስ ለወደቀ፣ ለተቀጠቀጠ፣ ውስጥ ውስጡን ለሚደማ ሰው ፍቱን ነው ተብሎ ይታመን ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንስዋ ድንገት ብወድቅ ብሎ ከሩባርብ ሥር ጋር የተቀየጠ ሙሚያ ይዞ ይዞር እንደነበር ይነገርለታል። ታዲያ ይህ በወይን ጠጅ ተበጥብጦ የሚጠጣ ነገር ከግብፅ መቃብር የወጣ የሰው ሥጋ ነበር። ሻጩም ያውቃል፤ ገዢውም አያጣውም።

ዛሬ ሙሚ ሲባል ፊታችን ድቅን የሚለው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ በሙዚየም መስታወት ውስጥ የተጋደመ፣ ወይም በፊልም እጁን ዘርግቶ የሚንገዳገድ ሬሳ ነው። ያንን ሬሳ ሰው እንዴት ሊጠጣው ቻለ ሲባል ብዙዎች «የድሮ ሰው አጉል እምነት» ብለው ያልፉታል። እኔ ጥፋቱን በአብዛኛው የምጥለው በቃሉ ላይ ነው። ሙሚያ በመጀመሪያ የመድኃኒት ስም ነበር። ሬሳው ያን ስም በስህተት ወረሰ፤ ስሙን ሲወርስ መድኃኒትነቱንም አብሮ ወረሰ። ነገሩን ከሥሩ እንያዘው።

በፋርስ ቋንቋ «ሙም» ማለት ሰም ነው፤ ንብ የምትሠራው ተራው ሰም። የእኛ ሰም ከዐረቦቹ «ሸምዕ» ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ ሻማም ከዚያው ወገን ናት። ሙም ግን ከእነዚህ ጋር ዝምድና የለውም፤ የፋርሶች የራሳቸው ቃል ነው። ከሙም «ሙሚያ» ወጣ። ሙሚያ ከዓለት ስንጥቅ የሚንጠባጠብ፣ በእጅ ሲይዙት እንደ ሰም የሚለሰልስ ጥቁር ነገር ነው። በአማርኛ ቅርቡን ስም እንስጠው ካልን ቅጥራን ወይም ሬንጅ ነው። ኖኅ መርከቡን ውስጥና ውጪ የለቀለቀበት ቅጥራን ማለት ነው። መንገድ ሲሠራ ሬንጅ በበርሜል ሲፈላ ቆሞ ያየ ሰው መልኩንም ሽታውንም ያውቀዋል። የመንገዱ ሬንጅ ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ ነው፤ የፋርሱ ግን ተራራው ራሱ የሚያወጣው ነበር።

ከሁሉም የታወቀው በደቡብ ፋርስ ከዳራብጊርድ አካባቢ ዋሻ የሚገኘው ነበር። የመካከለኛው ዘመን የዐረብ ጂኦግራፊ ጸሐፊዎች እንደተረኩት ዋሻው ዘበኛ ነበረው። የሚከፈተው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የተጠራቀመችው ጥቂት ነገር ታሽጋ ወደ ገዢው ትሄዳለች። አል ራዚና ኢብን ሲናን የመሳሰሉት ሐኪሞች ለስብራት፣ ለግጭትና ለወለምታ ያዝዙት ነበር። ስሙ ዛሬም አልጠፋም፤ በማዕከላዊ እስያና በሩሲያ ከተራራ ዓለት የሚሰበሰብ ጥቁር መድኃኒት «ሙሚዮ» ተብሎ ይሸጣል።

እስከዚህ ድረስ ሬሳ የሚባል ነገር የለም። ሬሳው የሚገባው ሙሚያ ውድና ብርቅ ስለነበረ ነው።

ግብፅ ውስጥ ጥንታዊ መቃብር የከፈቱ ሰዎች የደረቁት አስከሬኖች ራስ ቅልና ሆድ ጠጥሮ በቀረ ጥቁር ነገር ተሞልቶ አገኙት። ያበራል፣ ይሸታል፣ በሙቀት ይለሰልሳል። «ይሄማ ሙሚያ ነው!» አሉ። አብዱል ለጢፍ አል ባግዳዲ የሚባል ሐኪም በ1200 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግብፅን ዞሮ አይቶ ሲጽፍ፣ የገጠር ሰዎች ይህን ነገር እየፈለፈሉ ወደ ከተማ እያመጡ እንደሚሸጡት ተናግሯል። እሱም ገዛ፤ ሦስት የራስ ቅል ሙሉ በግማሽ ድርሃም። ሰውዬው ጠንቃቃ ነበርና እውነተኛው ሙሚያ ከተራራ የሚወርደው መሆኑን ለይቶ ጻፈ፤ ይሄኛው መልኩ ስለሚቀርብ ያኛው ሲጠፋ ሊተካው ይችላል አለ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አብዱል ለጢፍ ሙሚያ የሚለው በራስ ቅሉ ውስጥ ያለውን ነው። የራስ ቅሉ ራሱ ገና ሙሚያ አልሆነም፤ ዕቃ ነው። ታዲያ ስሙ ከውስጠኛው ወደ ዕቃው እንዴት ተሻገረ? ይህን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም። አዲስ አበባ ውስጥ ሃይላንድ የታሸገ ውኃ ስም ነበር። ቆይቶ የታሸገ ውኃ ሁሉ ሃይላንድ ተባለ። ከዚያ ውኃው ተጠጥቶ ያለቀው ባዶ ላስቲክ ራሱ ሃይላንድ ሆነ፤ ዘይት ቢቀዳበትም፣ አረቄ ቢገባበትም ሃይላንድ ነው። ማንም ተቀምጦ አልወሰነውም። ሙሚያም የሄደው በዚያው መንገድ ነው። መጀመሪያ የተራራው ቅጥራን፣ ቀጥሎ በሬሳው ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር፣ ቀጥሎ ያን ነገር የጠጣው ሥጋ፣ በመጨረሻ ሬሳው እንዳለ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት እርምጃዎች የተካሄዱት በአብዛኛው በአውሮፓ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የክሬሞናው ጄራርድ ቶሌዶ ከተማ ተቀምጦ የዐረቦቹን የሕክምና መጻሕፍት ወደ ላቲን ሲመልስ ለሙሚያ ማብራሪያ ሰጠ። ሙሚያ የሞተው ሰው ፈሳሽ ሬሳው ከተቀባው እሬት ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው፣ ቅጥራን የሚመስል ነገር ነው አለ። የፋርስ ተራራ ከነዋሻው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያንን ትርጉም ያነበበ የአውሮፓ ሐኪም ሙሚያን ከሬሳ ሌላ የት ይፈልገው? አል ራዚ ለስብራት ያዘዘው ቅጥራን ነበር፤ የፓሪሱ ሐኪም ግን በዚያው ትእዛዝ ሥጋ አጠጣ።

ፍላጎቱ በጨመረ ቁጥር ጥንታዊው ሬሳ አልበቃ አለ። ጊ ደ ላ ፎንቴን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1564 እስክንድርያ ደርሶ ከአንድ የሙሚያ ነጋዴ መጋዘን ገባ። «እነዚህ የጥንት ናቸው?» ቢል ነጋዴው ሳቀበት። ራሱ ነበር ያዘጋጃቸው፤ የሞቱ ባሪያዎችንና ያገኘውን ሬሳ ሁሉ ሰብስቦ፣ በምን በሽታ እንደሞቱ ሳይጠይቅ፣ ቅጥራን ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ። ይባስ ብሎ፣ እንዲህ ምግብ የሚመርጡ ሰዎች ሬሳ መብላታቸው ይገርመኛል አለው። ይህን ታሪክ የመዘገበው የፈረንሳይ ነገሥታት ቀዶ ሐኪም አምብርዋዝ ፓሬ ነው። አንድ ከፈረስ የወደቀ ባላባት ከዳነ በኋላ «ሙሚያ ለምን አልሰጠኸኝም?» ብሎ ስለወቀሰው በ1582 ሙሚያን የሚያጣጥል ሙሉ ጽሑፍ አሳተመ። አይጠቅምም፣ ያስታውካል፣ አፍ ያገማል አለ። ሰሚ ግን አላገኘም። በጀርመን ሜርክ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ የዋጋ ዝርዝር ላይ እውነተኛ የግብፅ ሙሚያ እስከ 1924 ድረስ ተጽፎ ይገኝ ነበር።

በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ኦቴሎን የሚያውቅ ሰው ያችን ነገር ያበላሸች መሐረብ አይረሳትም። ሼክስፒር በእንግሊዝኛው መሐረቧ የተነከረችው በሙሚያ ነው ይላል። የዛሬ ተመልካች ሬሳ ከመሐረብ ምን አገናኘው ይል ይሆናል። ለሼክስፒር ታዳሚ ግን ሙሚያ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጥ ፈሳሽና ዱቄት ነበር። እንግሊዝኛው ቃሉን በ1400 አካባቢ ሲበደር የተቀበለው የመድኃኒቱን ስም ነው፤ ለደረቀው አስከሬን መጠሪያ የሆነው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው። ወደ አማርኛ የመጣው ሙሚም ይኸው ትርጉሙ ወደ ሬሳ ከዞረ በኋላ የተያዘው ነው።

ለመሆኑ ግብፃውያን ሬሳውን በእርግጥ ቅጥራን ይቀቡት ነበር? አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ አባባል አለው፤ ማሞ ሌላ፣ መታወቂያ ሌላ። ሬሳውን ከመበስበስ የሚያድነው ቅጥራን ሳይሆን ጨው ነበር። ከካይሮ በስተሰሜን ምዕራብ ዋዲ ናትሩን የሚባል ሸለቆ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሰው በሌላ ስሙ ያውቀዋል፤ እነ አባ መቃርስ የመነኑበት ገዳመ አስቄጥስ ነው። ከሐይቆቹ ዳር ናትሮን የሚባል ነጭ የሶዳ ጨው ይሰበሰባል። ከስምጥ ሸለቆው ከአብያታ ሐይቅ የሚወጣው ሶዳ አሽ የቅርብ ዘመዱ ነው። የሬሳው አንጎል በአፍንጫ በኩል በሽቦ ይወጣል፤ ግራ ጎኑ ይቀደድና ሳንባ፣ ጉበት፣ ጨጓራና አንጀት ወጥተው ለብቻ ይቀመጣሉ፤ ልብ ግን ከቦታው አይነሣም። ከዚያ ሬሳው በናትሮን ክምር ይቀበራል፤ ጨው ሥጋን እንደሚያደርቅ ቋንጣ የሰቀለ ሁሉ ያውቀዋል። በ1994 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አካሉን ለሳይንስ በሰጠ ሰው ሬሳ ላይ ሞክረውት በ35 ቀን ደርቆላቸዋል። ኦሪት ዘፍጥረትም የያዕቆብን ነገር ሲያነሣ ለሽቶ መቀባቱ 40 ቀን፣ ለልቅሶው 70 ቀን ይላል። ከግብፃውያኑ አሠራር ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነው። አርባውን ከተዝካር ጋር ሊያያይዝ የሚቸኩል አይጠፋም፤ እኔ አልደፍርም።

ጎኑ የሚቀደድበትን ቢላም እናንሣ፤ እሱም የስም ጉድ አለበት። ሄሮዶቱስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲጽፍ ግብፃውያን ሬሳውን የሚቀድዱት ስለታም በሆነ «የኢትዮጵያ ድንጋይ» ነው ብሏል። ደስ የሚል ነው፤ ግን ለግሪኮች ኢትዮጵያ ማለት ከግብፅ በስተደቡብ ያለው የጥቁሮች አገር ሁሉ ነበረ፤ ከሁሉ በፊትም ኩሽ፣ የዛሬዋ ሱዳን። ድንጋዩም እንደ ጠርሙስ የሚሰነጠቀው ጥቁሩ ኦብሲዲያን ወይም ባልጩት ሳይሆን አይቀርም። የእኛ ስም ያለበት ሁሉ የእኛ አይደለም።

ጥቁሩ ነገር ታዲያ ምን ነበር? ኬሚስቶች ሲመረምሩት በአብዛኛው የዛፍ ሙጫ፣ የዕፅዋት ዘይት፣ ስብና ሰም ሆኖ ተገኘ፤ ሺህ ዓመታት አጠቆሩት እንጂ ቅጥራን አይደለም። የሙት ባሕር ቅጥራን በእርግጥ ገብቷል፤ የተስፋፋው ግን ዘግይቶ፣ በተለይ ግሪኮችና ሮማውያን ግብፅን በገዙበት ዘመን ነው። ቱታንካሙንና ራምሴስ ከኖሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ማለት ነው።

በሳቃራ መቃብር አጠገብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን የሠራ አንድ የአስከሬን ማድረቂያ ቤት በ2016 ተገኝቷል። ማሰሮዎቹ የተጻፈባቸው ነበሩ፤ «ለራስ የሚሆን»፣ «ለመጠቅለያ ጨርቅ» እየተባለ። የ31ዱ ዝቃጭ ተመርምሮ ውጤቱ በ2023 ሲወጣ፣ «አንቲው» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ማሰሮዎች ነገር አነጋገረ። አንቲው ሲባል ሊቃውንቱ ሁሌም ከርቤ ወይም ዕጣን ብለው ነበር የሚተረጉሙት። በማሰሮዎቹ ውስጥ የተገኘው ግን የዝግባና የጥድ ዓይነት ዘይት ከእንስሳ ስብ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ይኸው እንደገና ማሞና መታወቂያው።

ከርቤና ዕጣን ካነሣን፣ ግብፃውያን እነሱን ፍለጋ ጱንጥ ወደምትባል አገር በቀይ ባሕር ይጓዙ እንደነበር የንግሥት ሃትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተስሏል። ጱንጥ የት ነበረች የሚለው ክርክር ብዙ ዕድሜ አለው፤ ከተጠቆሙት ቦታዎች መካከል የእኛ የአፍሪካ ቀንድ አንዱ ነው። የሚገርመው፣ በቅርቡ ፍንጭ የሰጡት የሰው ሙሚዎች ሳይሆኑ የዝንጀሮ ሙሚዎች ናቸው። ግብፃውያን ለቶት አምላካቸው የሚቀድሱትን ሐማድርያስ የሚባለውን ዝንጀሮ ከውጭ ነበር የሚያስመጡት፤ ሲሞትም እንደ ሰው አድርቀው ይቀብሩታል። በ2023 የታተመ ጥናት ከአንዱ የዝንጀሮ ሙሚ የተገኘውን ዲኤንኤ ሲያወዳድር ከኤርትራ ጠረፍ፣ ከአዱሊስ አካባቢ ዝንጀሮዎች ጋር ገጠመ። ያ በኋላ የአክሱም ወደብ የሆነው አዱሊስ ነው።

ለመሆኑ ባለቤቶቹስ ሬሳቸውን ምን ይሉት ነበር? «ሳህ»። ይኸው ቃል ለክብርና ለማዕረግም ያገለግላል። በትክክል ተገንዞ፣ ጸሎት ተደግሞለት፣ ወደ ሌላ ዓይነት ህልውና የተሸጋገረ አካል ሳህ ነው። ሳህን ከመቃብር አውጥቶ በሚዛን መሸጥ ለእነሱ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም። ያ ስም ለውጭው ዓለም አልደረሰም፤ የደረሰው የመድኃኒቱ ነው።

ከመድኃኒቱ ሌላ ቀለምም ነበር። ከተፈጨ ሙሚ የሚሠራ «የሙሚ ቡኒ» የሚባል ቀለም የአውሮፓ ሠዓሊዎች ለብዙ ዘመን ተጠቅመውበታል። ብዙዎቹ ስሙን እንደ ስም ብቻ ነበር የሚያዩት። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ በርን ጆንስ በ1881 ምሳ ላይ ሳለ ቀለሙ እውነተኛ የሰው ሬሳ እንዳለበት ሲነገረው አላመነም። ሲያምን ተነሣ፤ የቀለሙን ቱቦ ይዞ ወደ አትክልት ቦታው ወጣ፤ ጉድጓድ አስቆፍሮ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ቀበረው። ከቀባሪዎቹ አንዱ በኋላ ዝነኛ ደራሲ የሆነው የዘመዱ ልጅ ሩድያርድ ኪፕሊንግ ነበር። ከነገሩ ሁሉ ልቤን የነካው ይሄ ነው። ስሙ ቱቦው ላይ ተጽፎ ሳለ ቃሉን ያመነ ሰው ብርቅ ሆነ፤ ያመነው ግን ለቱቦ ቀለም ፍትሐት የቀረው ሥርዓተ ቀብር አደረገ። ለንደን ውስጥ ያ ቀለም የሚሠራበት ድርጅት ሬሳ አለቀብኝ ያለው በ1960ዎቹ ነው።

እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ደግሞ ሁሌ የሚጠይቁት አለ። በዚያው ፊደል የሚጻፈው የእንግሊዞች «እማዬ» ከሬሳው ጋር ምን አገናኘው? ምንም። ያኛው ከሕፃን አፍ የወጣ ቃል ነው፤ በአጋጣሚ ድምፁ ገጠመ። ሕፃን ጡት በአፉ ይዞ ሲያጉረመርም የሚወጣው «ም» ነው፤ ሮማን ያኮብሰን የሚባለው የቋንቋ ሊቅ ብዙ ቋንቋዎች እናትን በ«ም» የሚጠሩት ለዚህ ነው ይላል። ግዕዙ «እም»፣ ዐረቡ «ኡም»፣ አማርኛው «እማ»፤ የከተማው ልጅ «ማሚ»። ግን ሕግ አይደለም፤ ጆርጂያዎች «ማማ» የሚሉት አባታቸውን ነው። እኛም ብንሆን የሕፃኑን ድምፅ ወስደን ለሕፃኑ ራሱ መልሰን ሰጥተነዋል፤ ማሞ፣ ማሙሽ፣ ማሚቱ፣ ሚሚ። ቅድም ከመታወቂያው የተለያየው ማሞ እንኳ ስሙን ያገኘው ከዚያው ጓዳ ይመስለኛል።

በቅርብ ዓመታት በብሪታንያ አንዳንድ ሙዚየሞች «ሙሚ» የሚለውን ቃል እየቀነሱ «በመድኃኒት የደረቀ ሰው» ወይም «የደረቀ አስከሬን» ማለት ጀምረዋል። ጎብኚው ፊልሙን ትቶ ሰውየውን እንዲያይ ነው። ዘለፋ ያስከተለ ውሳኔ ነው፤ የፖለቲካ ቃል ማጣራት ነው ያሉት አሉ። ግብፅ ራሷ ግን 22 ነገሥታቷንና ንግሥታቷን በሚያዝያ 2021 በካይሮ ጎዳና በክብር አጅባ ወደ አዲሱ ሙዚየም ስታሻግር በዐረብኛ የጠራቻቸው «ሙምያዋት» ብላ ነው፤ ያው የፋርሱ ሰም። ቃል አንዴ ከተጣበቀ እንደ ሬንጅ ነው።

ከላሊበላ ወጣ ብሎ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን በሰፊ ዋሻ ውስጥ ተሠርቷል። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ፣ በዋሻው ጨለማ፣ ለመሳለም መጥተው እዚያው አረፉ የሚባሉ ምእመናን ተደራርበው ተኝተዋል፤ የአንዳንዱ ቆዳ አጥንቱን እንደለበሰ ደርቋል፤ የገመዱና የሰሌኑ መጠቅለያም ይታያል። ናትሮን አልተነሰነሰባቸውም፤ ሙጫ አልፈሰሰባቸውም፤ ያደረቃቸው ዋሻው ነው። የጉብኝት መጽሐፍ የያዘ ፈረንጅ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሙሚ ይላል። የሚሳለመው ባላገር ግን ነጠላውን አስተካክሎ፣ አጎንብሶ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ያልፋል።